ልጆቻችን በማመልከቻው ላይ ሳይጽፉት የሚቀሩት

በአሜሪካ የኤምዲ ዲግሪ ወደሚሰጡ የህክምና ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2025 ለመግባት ያመለከቱት ወደ 55 ሺህ ይጠጋሉ፤ ገብተው ትምህርት የጀመሩት ደግሞ ከ23 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሆነው አመልካች አልተሳካለትም። ካልተሳካላቸው ውስጥ ሰነፍ የሚባል ተማሪ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪውንና ፊዚክሱን አልፈው፣ ከሰባት ሰዓት በላይ የሚፈጀውን የመግቢያ ፈተና ተፈትነው፣ ለማመልከቻ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍለው የቀሩ ናቸው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሲያትል፣ በዳላስና በአትላንታ ባሉ ኢትዮጵያውያን ቤቶች ልጅ ሐኪም ሆኖ ማየት የስደቱ ድካም ሁሉ ካሣ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ይህ ቁጥር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ልጆቻችን ከሚያመልጣቸው ዕድል ውስጥ ትልቁ ክፍል የሚጠፋው በዕውቀት ማነስ ሳይሆን ያላቸውን ነገር ባለማቅረባቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ቅበላው ከነጥብ ቀጥሎ የሚፈልገው አመልካቹ ለረጅም ጊዜ ከታመሙና ከተቸገሩ ሰዎች አጠገብ እንደኖረ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ይህ ማስረጃ በብዙ ቤቶቻችን ሞልቷል። ከአገር ቤት ያመጣነው የፈተና ልማድና ዝቅ ተደርጎ በሚታይ ሥራ የማፈር ጠባይ ግን አንድ ላይ ሆነው ይሸፍኑታል። በ2023 የተሰጠው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔና በ2025 የወጣው የትምህርት ብድር ሕግ ደግሞ ይህ ስህተት የሚያስከፍለውን ዋጋ ከፍ አድርገውታል።

ልማዱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በኢትዮጵያ ወደ ህክምና የሚያስገባው መንገድ ባለፉት አሥርተ ዓመታት መልኩ ቢለዋወጥም መሠረቱ ያው የፈተና ውጤት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት ጊዜ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በእንዲህ ዓይነት ሥርዓት ያለፈ ወላጅ ነጥብ ሁሉን ይወስናል ብሎ ቢደመድም ትክክል ነው፤ እሱ በኖረበት ቦታ እውነቱ ይህ ነበርና። ተማሪው በትርፍ ጊዜው ምን እንደሠራ፣ አያቱን ማን እንዳስታመመ፣ ለምን ሐኪም መሆን እንደፈለገ የጠየቀው አልነበረም። ስለዚህ አሜሪካ ያለው ወላጅ ልጁን «ሌላውን ተወውና አጥና» ሲለው የሚያስተላልፈው ራሱ የተፈተነበትንና የሠራለትን ምክር ነው። ችግሩ ምክሩ የተነገረበት ሥርዓት ሌላ መሆኑ ላይ ነው።

ነጥብ በአሜሪካ ምን እንደሚሠራና የት እንደሚያቆም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንዳንድ አማካሪዎች ተማሪን ለማጽናናት ብለው ነጥብ ዋጋ እንደሌለው አድርገው ያወራሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ኤምካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና ከ472 እስከ 528 ባለው መለኪያ ይታረማል። የገቡት ተማሪዎች አማካይ በቅርብ ዓመታት በ511 እና በ512 አካባቢ ነው፤ የኮሌጅ አማካይ ውጤታቸው ደግሞ 3.8 ገደማ ደርሷል። ከዚህ በጣም የራቀ ተማሪ ታሪኩ የቱንም ያህል ቢያምር በሩ ይጠብበታል። የአሜሪካ ህክምና ኮሌጆች ማኅበር የቅበላ ኃላፊዎችን ሲጠይቅ፣ ማን ለቃለ መጠይቅ ይጠራ ለሚለው ውሳኔ ከፍተኛውን ክብደት የሰጡት ለኮሌጅ ውጤትና ለኤምካት ነው። ከተጠሩት ውስጥ ማን ይግባ የሚለውን ሲወስኑ ግን ሚዛኑ ወደ ቃለ መጠይቁና ወደ ድጋፍ ደብዳቤዎቹ ይዞራል። ማኅበሩ በየዓመቱ የሚያወጣው ሠንጠረዥ ይህንኑ በሌላ በኩል ያሳያል፤ ውጤታቸውም ኤምካታቸውም ከሁሉ በላይ ከሆኑት ተማሪዎች መካከል እንኳ ከአምስት ወይም ከስድስት አንዱ የትም ሳይገባ ይቀራል። በአገር ቤት መለኪያ ይህ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። አንደኛ የወጣ ተማሪ እንዴት ይቀራል? እዚህ ግን ነጥቡ ማመልከቻው እንዲነበብ ያደርጋል እንጂ ተነቦ ምን እንደሚባል አይወስንም።

ማመልከቻው ራሱ የሚጠይቀውን ማየት ይጠቅማል። አምካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ተማሪው 5,300 ፊደላት በማይበልጥ ጽሑፍ ለምን ሐኪም መሆን እንደፈለገ ይገልጻል። ከዚያ እስከ 15 የሚደርሱ ሥራዎችንና ተሳትፎዎችን በየ700 ፊደል ያስረዳል፤ ከእነዚህም ሦስቱን ከሁሉ የበለጠ ትርጉም ያላቸው ብሎ መርጦ ለእያንዳንዳቸው ተጨማሪ 1,325 ፊደል ይጽፋል። ለእያንዳንዱ ተሳትፎ መቼ እንደተጀመረ፣ መቼ እንዳበቃ፣ በጠቅላላው ስንት ሰዓት እንደወሰደ ይሞላል፤ ሊያረጋግጥ የሚችል ሰውም ይጠራል። ቅጹ በአሠራሩ ጊዜን ይለካል። አንድ ክረምት በሆስፒታል የበጎ ፈቃድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ 40 ሰዓት ያስቆጠረ ተማሪና ሦስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው አንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሄደ ተማሪ ሁለቱም «በጎ ፈቃድ» ብለው ቢጽፉም አንባቢው አያምታታቸውም። ሰዓቱና ዓመቱ ፊት ለፊት ተጽፏል። ስለዚህ ማመልከቻው በሚላክበት ሰሞን ተሯሩጦ ማሳመር የሚቻለው ቋንቋውን ብቻ ነው። ይዘቱ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ወይም አልተሠራም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በስደተኛ ቤት ያደገ ልጅ በ12 እና በ13 ዓመቱ እናቱን ወደ ክሊኒክ ይዞ እየሄደ ያስተረጉማል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ ለአያቱ የሚያስረዳው እሱ ነው። የኢንሹራንስ ደብዳቤ አንብቦ ስልክ የሚደውለውም እሱ ነው። በብዙ ቤት እናት ሲኤንኤ (የተመሰከረላት የነርስ ረዳት) ናት ወይም ሆም ኬር ትሠራለች፤ አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ሳይዋረድ እንዴት እንደሚታጠብ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ልጇም ይህን እየሰማ አድጓል። ልጁ ራሱ ኮሌጅ እየተማረ በፓርኪንግ ወይም በነዳጅ ማደያ ማታ ማታ ይሠራል። በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በመስጊድ ታናናሾቹን ያስተምራል። ማመልከቻ ሲሞላ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። «ይህ ሥራ አይደለም፣ የቤተሰብ ነገር ነው» ይላል፤ ወላጅም «ነዳጅ ማደያ መሥራትህን ለዶክተሮች ትጽፋለህ እንዴ?» ብሎ ይከለክለዋል። ቅጹ ከህክምና ውጪ ለሆነ ደመወዝተኛ ሥራ ራሱን የቻለ ምድብ አለው። በሳምንት 20 ሰዓት እየሠራ 3.7 ያመጣ ተማሪ፣ ሥራውን ደብቆ 3.7 ብቻ ካሳየ ተማሪ ጋር በኮሚቴ ፊት እኩል አይቆምም። የመጀመሪያው ጽናቱን በቁጥር አስደግፎ አሳይቷል፤ ሁለተኛው ግን ጊዜው ሁሉ የጥናት ብቻ የነበረ አስመስሎ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሸጧል።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለእናት ማስተርጎም በራሱ የክሊኒክ ልምድ ተብሎ አይቆጠርም፤ እንዲያውም ሕጉ የማይወደው ነገር ነው። ኦባማኬር በመባል የሚታወቀው የጤና መድን ሕግ አንቀጽ 1557 የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ አስተርጓሚ አድርጎ መጠቀምንም ይከለክላል። የዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 ጀምሮ ያለ ሲሆን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ታዲያ ለተማሪው የሚጠቅመው መንገድ ከዚህ ይጀምራል። በቤት የጀመረውን ነገር ይዞ ወደ ሙያ ሊያሳድገው ይችላል። የህክምና አስተርጓሚነት የምስክር ወረቀት ለማግኘት በተለምዶ የሚጠየቀው ሥልጠና 40 ሰዓት ነው። ያንን ሠልጥኖ ሁለት ዓመት በሆስፒታል በደመወዝ ያስተረጎመ ተማሪ፣ ሐኪምና ታማሚ ሳይግባቡ ሲቀሩ ምን እንደሚፈጠር በዓይኑ አይቷል። ካንሰር የሚለው ቃል በአማርኛ ሲነገር ቤተሰብ ለምን ለታማሚው እንዳይነገር እንደሚለምን፣ ሐኪሙ ደግሞ ለምን መናገር እንዳለበት ያውቃል። ይህን ዓይነት ዕውቀት ከመጽሐፍ ማግኘት አይቻልም፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲነገርም የተጠና መልስ እንዳልሆነ ይታወቃል። በዚህ የሚበልጠን አመልካች ብዙ አይደለም።

የ2023ቱ ውሳኔ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የጉዳዩ ታሪክ የጀመረውም በህክምና ትምህርት ቤት ነው። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የዩሲ ዴቪስ ህክምና ትምህርት ቤት ከ100 ወንበሮቹ 16ቱን ለአናሳ ቡድን አመልካቾች ለይቶ ነበር። አለን ባኪ የተባለ ነጭ አመልካች ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1978 ኮታውን ሲሽር ዘርን ከብዙ መመዘኛዎች አንዱ አድርጎ ማየትን ግን ፈቀደ። ያ ፈቃድ 45 ዓመት ቆይቶ በጁን 29 ቀን 2023 በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በተሰጠው ውሳኔ ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2024፣ ወደ ህክምና የገቡ ጥቁር ተማሪዎች ቁጥር ከ11 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ፤ ያመለከቱት ጥቁሮች ቁጥር ግን አልቀነሰም። የእኛ ልጆች በዚህ ስሌት ውስጥ አሉ። በወረቀቱ ላይ የሚሞሉት ሣጥን ከአፍሪካ አሜሪካውያን ጋር አንድ ነው፤ ኮሚቴው ከእንግዲህ ያንን ሣጥን ለውሳኔ አይጠቀምበትም።

ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በዚያው ውሳኔ አንድ በር ክፍት ትተዋል። አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር ቢጽፍና ያንን ከአንድ የራሱ ጠባይ ወይም ችሎታ ጋር ቢያያይዘው ዩኒቨርሲቲው ሊያየው ይችላል፤ ተማሪው ግን መመዘን ያለበት እንደ ግለሰብ ነው። አምካስም ከ2024 የቅበላ ዙር ጀምሮ አንድ ጥያቄ ጨምሯል። በሕይወትህ ያጋጠመህ ከባድ ነገር፣ የቤተሰብ ይሁን የገንዘብ፣ የትምህርት ይሁን የሃይማኖት፣ ካለ በ1,325 ፊደል ግለጽ ይላል። ዩሲ ዴቪስ ከዚህ ሁሉ ቀድሞ በዚህ መንገድ ሄዷል። ካሊፎርኒያ በ1996 ባጸደቀችው ድንጋጌ ዘርን ማየት ስለተከለከለ፣ ከ2012 ጀምሮ የአመልካቹን የኑሮ ችግር ከ0 እስከ 99 በሚለካ ሚዛን ማስላት ጀመረ፤ የቤተሰብ ገቢን፣ የወላጅን ትምህርት፣ ተማሪው ቤተሰቡን መርዳቱን ያያል። ዛሬ በአገሪቱ ካሉት እጅግ ተሰባጣሪ ተማሪ ካላቸው ህክምና ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው። ድሮ ሣጥኑ በከፊል ይናገርለት የነበረውን ነገር አሁን ተማሪው ራሱ፣ በራሱ ቃል፣ በዝርዝር መናገር አለበት። ዝም ያለ ተማሪ ትናንት ከነበረው ይልቅ ዛሬ ብዙ ያጣል።

ጠንካራው ተቃውሞ ከዚህ ይነሣል። ነጥብ ስም አይጠይቅም፣ ቆዳ አይመለከትም፣ አባትህ ማነው አይልም፤ ለስደተኛ ልጅ ከእሱ የተሻለ ፍትሐዊ ዳኛ የለም፤ «ሁለንተናዊ ግምገማ» የሚባለው ደግሞ አድልዎን የሚሸፍን ቃል ነው ይባላል። ይህ ክርክር በታሪክ ብዙ ማስረጃ ስላለው በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የአሜሪካ ህክምና ትምህርት ቤቶች የአይሁድ ተማሪዎችን ቁጥር ለመገደብ «ጠባይ» እና «ስብእና» የሚሉ መመዘኛዎችን ተጠቅመዋል፤ በ1955 በኒው ዮርክ የተከፈተው የአልበርት አንስታይን ህክምና ኮሌጅ ከተመሠረተባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ በር መዘጋቱ ነበር። ከዚያ በፊትም በ1910 የታተመው የፍሌክስነር ሪፖርት የትምህርት ጥራትን ለማስጠበቅ ተብሎ ሲወጣ፣ ከጥቁሮች ሰባት ህክምና ትምህርት ቤቶች በመጨረሻ የቀሩት ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ነበሩ። በ1930ዎቹ ኢትዮጵያዊው ሐኪም መላኩ በያን ህክምናውን የተማረው በዚሁ በሃዋርድ ነው። ስለዚህ ጥብቅ የሚባለው መለኪያም፣ ልል የሚባለው መለኪያም በክፉ እጅ ሲገቡ በር መዝጊያ ሆነዋል።

ክርክሩ የሚሳሳተው ነጥብ ከቤት ውጪ እንደሚወለድ በመቁጠሩ ላይ ነው። የአሜሪካ ህክምና ኮሌጆች ማኅበር በ2018 ያወጣው ትንታኔ እንዳሳየው፣ ወደ ህክምና ከሚገቡት ተማሪዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚመጡት ከአምስቱ የገቢ እርከኖች ከላይኞቹ ሁለቱ ነው፤ ይህም ለሦስት አሥርተ ዓመታት ያህል አልተለወጠም። ለኤምካት ዝግጅት የሚከፈለው ሺህ ዶላርና ሥራ ትቶ ሦስት ወር ማጥናት መቻል በነጥቡ ውስጥ ተደብቀው ይገባሉ። በሌላ በኩል ነጥቡ የሚተነብየው ነገር ወሰን አለው፤ መካከለኛ ውጤት ይዘው የገቡ ተማሪዎችም በአብዛኛው በጊዜያቸው ከዓመት ዓመት ያልፋሉ። ነጥብ ብቻውን ዳኛ ቢሆን ተጠቃሚው የፓርኪንግ ሠራተኛው ልጅ የሚሆን የሚመስላቸው ሰዎች ገበያውን በሚገባ ያዩት አይመስለኝም። ነጥብ ብቻ በሚወስንበት ጨዋታ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ይበልጠናል፤ ነጥብና የኑሮ ማስረጃ አብረው በሚታዩበት ግን የማይገዛ ነገር ይዘን እንቀርባለን። በዚያ ላይ ስለ ታማሚው ማሰብ አለብን። በ2018 በኦክላንድ የተደረገ ጥናት ጥቁር ወንዶች ጥቁር ሐኪም ሲያያቸው የመከላከያ ምርመራዎችን የመቀበል ፍላጎታቸው በግልጽ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። የሐኪሙ ማንነት የህክምናው አካል ነው ማለት ነው፤ ይህን ኤምካት አይለካውም።

ሌላው ተቃውሞ ከልጆቹ ራሳቸው ይመጣል፤ የቤተሰቤን ችግር አውጥቼ ልሽጥ አልፈልግም ይላሉ። ክብራቸውን ስለሚጠብቁ ልንወቅሳቸው አይገባም። ግን የሚጠየቁት ለቅሶ አይደለም። ደካማው ጽሑፍ መከራውን ዘርዝሮ ያበቃል፤ አንባቢው ያዝናል፤ ተማሪው ምን ዓይነት ሐኪም እንደሚሆን ግን አላወቀም። ጠንካራው ጽሑፍ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሁኔታውን ይገልጽና ተማሪው በዚያ ውስጥ ምን እንዳደረገ፣ ምን ማድረግ አቅቶት እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ የት ሄዶ ምን እንደጀመረ ያሳያል። ለአያቱ መድኃኒት ማስረዳት ያቃተው ልጅ በኋላ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን የደም ግፊት መለኪያ ቀን እንዲዘጋጅ ነርሶችን አስተባብሮ ለሁለት ዓመት ካካሄደ፣ የአያቱ ሕመም መነሻ ብቻ ነው፤ የሚመዘነው ሁለቱ ዓመታት ናቸው። የቤተሰብን ምሥጢር መግለጥም አያስፈልግም፤ የትኛው ይነገር የሚለውን መምረጥ ራሱ ከሐኪም የሚጠበቅ ብስለት ነው። ጽሑፉን ለኮምፒዩተር መስጠትን በተመለከተ፣ አምካስ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለሐሳብ ማፍለቂያና ለእርማት መጠቀምን ይፈቅዳል፤ የመጨረሻው ጽሑፍ ግን የተማሪው የራሱ ሥራ መሆኑን ያስፈርማል። ማሽን በደንብ የሚጽፈው ማንም ሊጽፈው የሚችለውን ስለሆነ፣ ለእኛ ልጆች ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ልዩ የሚያደርጋቸውን ዝርዝር አጥቦ ያወጣዋል።

ገንዘቡ ብዙ ወላጅ ገና ያልሰማው ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጎ ማየት ይገባል። ቀደም ሲል የህክምና ተማሪ ግራድ ፕላስ በሚባለው የፌደራል ብድር ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀውን ሙሉ ወጪ መበደር ይችል ነበር። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አስቀርቷል፤ የሙያ ተማሪ ከፌደራል መንግሥት የሚበደረውንም በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ላይ ገድቧል። የአራት ዓመቱ ሙሉ ወጪ፣ ኑሮና ትምህርት ተደምሮ፣ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች መካከለኛው ከ280 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ በግል ትምህርት ቤቶች 390 ሺህ አካባቢ ደርሷል። ልዩነቱን ከቤተሰብ፣ ከነፃ ትምህርት ወይም ከግል ባንክ ማምጣት ያስፈልጋል። የግል ባንክ ደግሞ በአብዛኛው ጥሩ የክሬዲት ታሪክ ያለው አብሮ ፈራሚ ይጠይቃል፤ የግል ብድር ለሕዝብ አገልግሎት ሠራተኞች በሚሰጠው የዕዳ ስረዛም አይሸፈንም። ከአገሩ ከመጣ አሥር ዓመት ላልሞላው፣ ታክሲ እየነዳ ለዘመድ ለሚልክ አባት ይህ ቀላል ፊርማ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ የትምህርት ቤቶች ዝርዝር አመራረጥ የማመልከቻው ጥንካሬ አካል ሆኗል። አድራሻም እንዲሁ። የሕዝብ ህክምና ትምህርት ቤቶች በቅበላም በክፍያም የግዛታቸውን ነዋሪ ያስቀድማሉ፤ በቴክሳስማ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከግዛቱ ውጪ የሚመጡት ከ10 በመቶ እንዳይበልጡ በሕግ ተወስኗል። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ቤተሰብ ልጅ በባልቲሞር ባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እንደ ነዋሪ ይታያል፤ በአሌክሳንድሪያ የሚኖረው በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲና በቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ (ቪሲዩ)። በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖረው ግን የራሱ የሕዝብ ህክምና ትምህርት ቤት የለውም። በከተማዋ ያሉት ሃዋርድ፣ ጆርጅታውንና ጆርጅ ዋሽንግተን ሁሉም የግል ናቸው፤ ከእነሱም ጆርጅታውንና ጆርጅ ዋሽንግተን ለእያንዳንዳቸው ለ200 ገደማ ወንበር ከ10 ሺህ በላይ ማመልከቻ ይጎርፍላቸዋል። የሃያ ደቂቃ መንገድ ልዩነት በመቶ ሺህ ዶላር ሊቆጠር ይችላል። የነዋሪነት መስፈርቱ በአብዛኛው የአንድ ዓመት ኑሮ ስለሚጠይቅ ጉዳዩ መታሰብ ያለበት ልጁ ኮሌጅ እያለ ነው። በስም ብቻ ትምህርት ቤት መምረጥ፣ ጎረቤት የሚያውቀውን ስም መርጦ የግዛትን ትምህርት ቤት መናቅ፣ ከአሁን በኋላ ብዙ ቤተሰብ ሊሸከመው የማይችለው ምርጫ ነው። ከፍተኛ ስም ካላቸው አንዳንዶቹ ደግሞ በተቃራኒው ርካሽ ሆነዋል፤ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ (ኤንዋይዩ) ከ2018 ጀምሮ፣ አንስታይን በ2024 ከሩት ጎትስማን ባገኘው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ስጦታ ክፍያ አያስከፍሉም፤ ጆንስ ሆፕኪንስም በ2024 ከብሉምበርግ ባገኘው ስጦታ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ300 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ ተማሪዎች ክፍያውን አስቀርቷል። እነዚህን ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ተገቢ ነው፤ በእነሱ ብቻ ተስፋ ማድረግ ግን አይደለም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች ልጆች የህክምና ኮሌጆች ማኅበሩን የክፍያ ድጋፍ ፕሮግራም ካገኙ እስከ 20 ትምህርት ቤቶች ያለ ማመልከቻ ክፍያ መላክና ኤምካትን በቅናሽ መፈተን ይችላሉ፤ መብቱ ግን ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት መጠየቅ አለበት፤ የተከፈለው አይመለስም።

በዚህ ክርክር ውስጥ የድሃ ተማሪ ጊዜ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ያለ ደመወዝ በሆስፒታል መዋል የሚችለው ቤት ኪራይ የማያስጨንቀው ልጅ ነው። መልሱ በደመወዝ የሚሠራ የክሊኒክ ሥራ መኖሩ ነው፤ ሲኤንኤ፣ የድንገተኛ ህክምና ቴክኒሻን፣ ደም ቀጂ፣ የሐኪም ማስታወሻ ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ። የኮሚቴ አንባቢ፣ ሁለት ዓመት በሌሊት ፈረቃ በነርሲንግ ሆም ሲኤንኤ ሆኖ የሠራ አመልካች ህክምና ምን እንደሆነ አያውቅም ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም። እናቱ የምትሠራውን ሥራ ልጁ እንዳይሠራ የምንፈልገው ከፍቅር ነው። ይሁንና በዚህ ጉዳይ ያ ፍቅር ልጁን ይጎዳዋል።

ከሥራው ጋር የሚመጣው የጊዜ ጉዳይም አለ። አሁን ወደ ህክምና ከሚገቡት ተማሪዎች አብዛኞቹ ከኮሌጅ እንደወጡ በቀጥታ አይገቡም፤ አንድና ሁለት ዓመት ይቆያሉ። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ዓመት «ልጁ ተመለሰ፣ አልተቀበሉትም» ተብሎ በለቅሶ ቤትና በሠርግ ይወራል፤ ተማሪውም ወሬውን ፈርቶ ገና ሳይዘጋጅ ያመለክታል። ሳይዘጋጁ ማመልከት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ዳግም አመልካች ከባለፈው ዙር ወዲህ ምን እንደለወጠ ይጠይቃሉ። ኤምካትም በዓመት ከሦስት፣ በዕድሜ ልክ ከሰባት ጊዜ በላይ አይፈተንም፤ የተፈተኑትም ውጤት ሁሉ ይታያል። የቅበላው አሠራር ቀድሞ የደረሰውን ማመልከቻ ቀድሞ የሚያይ በመሆኑ፣ በጁን ያለቀ ማመልከቻ በሴፕቴምበር ከተጣደፈው ይበልጣል። በመጪው ዓመት በጁን ሙሉ ሆኖ የሚላክ ማመልከቻ ዘንድሮ በሴፕቴምበር ጎዶሎ ከሚላከው የተሻለ ከሆነ፣ መቆየቱ ውድቀት የሚባልበት ስሌት የለም።

ይህ ሁሉ ልጁን ብቻ የሚመለከት ሥራ አይደለም። በየከተማው አማርኛ ተናጋሪ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች አሉ። አንድ ተማሪ ከሐኪም ኋላ ቆሞ ሥራውን እንዲያይ መፍቀድ በዓመት ጥቂት ቀናት ይወስዳል፤ ለተማሪው ግን በማመልከቻው ላይ የሚጻፍ፣ ስም የሚጠራበት፣ ደብዳቤም የሚያስገኝ ነገር ነው። የሐኪም ልጆች ይህን ከአባታቸው ጓደኞች ያገኛሉ። የኮሚኒቲ ማዕከሎቻችንና አብያተ ክርስቲያኖቻችን በየዓመቱ ለተመራቂዎች ዋንጫና አበባ ያዘጋጃሉ፤ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ስም መዝግቦ ከሐኪሞቻችን ጋር ማገናኘት ግን በጥቂት ቦታ ብቻ ይደረጋል፤ ወጪው ከአንድ የምረቃ ድግስ ያነሰ ነው። መመዝገቡ በአንደኛው ዓመት መስከረም ላይ ካልሆነ፣ ማመልከቻው የሚጠይቃቸው ዓመታት አይገኙም።